ባንኮኒውን ካወጣሁ በኋላ

ሱቄ ባሕር ዳር ነው፤ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም። ጠባብ ናት፤ አራት ሜትር በሦስት ብትሆን ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ከባንኮኒ ኋላ ቆሜ «ምን ልስጥሽ?» ስል ኖርኩ። ሰው የሚገዛው አስቦ የመጣውን ብቻ ነበር። አንድ ሳሙና፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ ደህና ዋል። ከኋላዬ የደረደርኩትን እቃ ማንም አያየውም። የጋረድኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ደንበኛ እቃውን ራሱ የሚያነሳበት ሱቅ አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካ፣ ሜምፊስ ከተማ ውስጥ ፒግሊ ዊግሊ የሚባል ሱቅ በ1916 እ.ኤ.አ. እንዲህ መሸጥ ጀምሮ ነበር። እኔ ግን ባንኮኒውን አሳጥሬ በሩ አጠገብ ላድርገው ስል ዘመድ ሁሉ «ሌባ ይጨርስሃል» አለኝ። ምንም አልጠፋም አልልም። ማስቲካና ባትሪ ድንጋይ ጠፍቷል። እነሱን እጄ ስር አመጣኋቸውና ነገሩ በረደ።

ከዚያ መደርደሪያ። «ደህና ትርፍ ያለውን እቃ በዓይን ትይዩ አድርገው» የሚል ምክር ሰምቼ ነበር። አደረግሁ። ሁለት ሳምንት ምንም የለም። አንድ ቀን እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ አንገታቸውን ወደ ላይ አንጋጠው ቆሙና፣ «አንተ ልጅ፣ ለራስህ ነው እንዴ የደረደርከው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ረጅም ነኝ። የቤት አስቤዛ የሚሸምቱልኝ ደግሞ አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። ሁሉንም ሁለት ስንዝር ዝቅ አደረግሁት። በሳምንቱ ያ አቧራ ለብሶ የነበረ የፊት ቅባት አለቀ።

ብስኩቱንም በልጆች ዓይን ልክ አወረድኩት። ተሸጠ፤ ግን በየቀኑ አንድ ልጅ መሬት ላይ እየተንከባለለ ያለቅሳል። እናትየው ከፍላ ትወጣለች፣ እኔን ግን በክፉ ዓይን እያየች። መልሼ ሰቀልኩት። እንዲህ ያለ ትርፍ ይቅርብኝ።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ዋጋ መጻፉ ነው። «ዋጋ በየቀኑ እየጨመረ ምን ብዬ እጽፋለሁ?» እያልኩ ስሸሸው ኖሬያለሁ። ለካ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዙ መውጣት ብዙ ሰው ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ ጭራሽ አይጠይቅም። ካርቶን ቆራርጬ በማርከር ጻፍኩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቆም ብለው በጣታቸው እየደመሩ መግዛት ጀመሩ። ዋጋ ሲለወጥ ካርቶኑን እገለብጠዋለሁ፤ ሌላ ዘዴ የለውም።

እቃ ጎረቤት ይፈልጋል። ጥሬ ቡናው ከስኳር፣ ከእጣንና ከፈንዲሻ ጋር ተቀምጧል። ቡና ልትገዛ የመጣች ሴት ፈንዲሻውን ስታይ «ውይ፣ ይሄም አልቆብኛል» ትላለች። በሁዳዴ 55 ቀን የዱቄት ወተቱ ወደ ታች ይወርድና ሽሮ፣ ምስር፣ ሱፍና ተልባ ቦታውን ይወርሳሉ። ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው እንደገና እገለብጣለሁ። አድካሚ ነው፤ እቃ ስደረድር አመሽቼ ከሚስቴ ጋር የተጣላሁበት ቀን አለ።

ትልቁ ጥፋቴ የሻማው ነው። ወር በገባ በ23 ጊዮርጊስ ነው፤ ሚያዝያ 23 ደግሞ ክብረ በዓሉ። «አሁን ገባኝ» ብዬ ዋዜማውን ሻማና ጧፉን ሁሉ መስታወቱ ጋ ደረደርኩ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው። ሱቄ ፊቷ ወደ ምዕራብ ነው። የሚያዝያን ፀሐይ ባሕር ዳር የኖረ ያውቀዋል፤ ከጣና የሚመጣው ነፋስ ደግሞ መስታወት ውስጥ አይገባም። ምሳ በልቼ ስመለስ ሻማው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። እትዬ አይተው፣ «እነዚህማ ቀድመውህ ሰገዱ» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ግን አሥሩን በግማሽ ዋጋ ወሰዱ።

አሁን መስታወቱ ጋ ያለው ጨው ነው።