ቡቺ እና የእህቴ ዶሮዎች

ዛሬ ቡቺን ይዤ እህቴ ቤት ሄድኩ። እኛ ቤት «ቁጭ!» ስለው ወዲያው የሚቀመጥ ውሻ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ ደጋግሜ ብለውም ጭራሽ ሰምቶኝ የማያውቅ መስሎ ዶሮዎቹን ያያል። እህቴ «ይሄ ነው የሰለጠነው ውሻ?» እያለች ሳቀችብኝ።

ረስቶ አይደለም ባካችሁ። እንስሳ ሲማር ድምፁን ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ቦታውም ሽታውም አብሮ ይገባል። ቡተንና ቦልስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1979 ያሳተሙት የአይጥ ሙከራ አለ። አይጦቹ አንድ ሳጥን ውስጥ ድምፅ ተከትሎ ኤሌክትሪክ ሲነዝራቸው ድምፁን መፍራት ተማሩ፣ ከዚያ ሌላ ሳጥን ውስጥ ድምፁ ያለ ንዝረት ሲደጋገም ፍርሃቱ ለቀቃቸው፣ ወደ መጀመሪያው ሳጥን ሲመለሱ ግን ፍርሃቱ አገረሸ። ጠፋ የተባለው ትምህርት ለካ እዚያው ነበር።

ትኩረት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ካሚን የሚባል ተመራማሪ በ1969 እንዳሳየው፣ አይጥ ጩኸት ንዝረት እንደሚያስከትል አስቀድሞ ካወቀ፣ በኋላ ጩኸቱ ላይ ብርሃን ቢጨመርም ስለ ብርሃኑ ብዙም አይማርም። ምን ሊያደርግለት? የሚመጣውን አውቆታል።

እኔ የምወደው ግን የ1959ኙን የተመራማሪዎቹን የሉቦውና የሙር ሥራ ነው። በበጎችና በፍየሎች ነው የተሠራው (ላብራቶሪ ሲባል አይጥ ብቻ ለሚመስለን)። እንስሳቱ ምንም ሳያስከትል ደጋግመው ያዩት ነገር፣ በኋላ የንዝረት ምልክት ሲሆን፣ ከአዲስ ነገር ይልቅ ለመማር ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው።