ሦስት ስም በአንድ መስመር

በምሠራበት የሙዚቃ መረጃ ቋት «ስሜ ቀርቷል» የሚል አቤቱታ የተለመደ ነው፤ «ስሜን አውጡልኝ» የሚል ግን ከዚያ በፊት ገጥሞኝ አያውቅም። ባለጉዳዩ በዕድሜ የገፉ የዘፈን ግጥም ደራሲ ሲሆኑ፣ የመጡትም አንድ ወጣት ድምፃዊ በድጋሚ የተጫወተው የቆየ ዘፈን በእርሳቸውና በሌሎች ሁለት ሰዎች ስም ተመዝግቦ ስላገኙት ነበር። «ልጄ፣ በዚያ ካሴት ላይ የእኔ ግጥም ሁለት ብቻ ነው። ይህኛውን የጻፈው ጓደኛዬ ነው፤ እሱ ደግሞ አርፏል። ልጆቹ ድርሻችንን ወሰድክ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?» አሉኝ።

የስሕተቱ መነሻ የካሴቱ ሽፋን ነው። አንዳንድ የቆዩ ካሴቶች «ግጥም» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የሦስት አራት ሰዎችን ስም ይደረድሩና የትኛው ዘፈን የማን እንደሆነ ሳይለዩ ያልፋሉ። መረጃውን ቀደም ሲል በጅምላ የጫነው ድርጅት ሦስቱንም ስሞች በአሥሩም ዘፈኖች ላይ ሰጥቷል። መዝገባችን ድርሰቱንና ቅጂውን (ድምፃዊው ያስቀረጸውን) ለየብቻ ስለሚይዝ፣ በድርሰቱ ላይ የተጻፈ የደራሲ ስም ዘፈኑን በድጋሚ ወደተጫወተው ሁሉ ቅጂ አብሮ ይሄዳል፤ አቀናባሪው ግን በየቅጂው ሊለያይ ስለሚችል እንዲህ አይወረስም።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ስም ከሚጎድል ቢበዛ ይሻላል» ብላ ተከራከረች። የቢትልስ አባላት የነበሩትን የሌነንና የማካርትኒን ምሳሌም አነሣች፦ «የስተርዴይ»ን የደረሰው ማካርትኒ ብቻ ሆኖ ሳለ የሁለቱ ተብሎ ተመዝግቧል። ምሳሌው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ በስምምነት ያደረጉት ነው፣ በእኛ ካሴት ላይ ግን የተስማማ ሰው የለም። ከዚህም በላይ፣ በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የሚጠበቅ ሲሆን፣ በጋራ ለተሠራ ድርሰት 50ው ዓመት የሚቆጠረው በመጨረሻ ከሚሞተው ደራሲ ነው። ስለዚህ ያለቦታው የገባ ስም ክፍያን ከማዛባቱ ሌላ የጥበቃውን ማብቂያ ዓመት ጭምር ያሳስታል።

እኒህ ሰው ስለራሳቸው ሁለት ግጥሞች የሰጡት ቃል በቂ ሆኖ አገኘነው፤ ስለ ሌሎቹ የነገሩን ግን፣ ስላላመንናቸው ባይሆንም፣ ሌላ ማስረጃ የሚያሻው ነበር። ካሴቱን ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ያስቀመጣቸው የግጥም ሽያጭ ውሎች የስድስት ዘፈኖችን ደራሲ ለዩልን፤ የጓደኛቸው ዘፈንም ከእነዚህ አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ የመመዝገቢያ ቅጹን ለወጥነው፦ ሽፋኑ በጅምላ የጠቀሳቸው ስሞች በካሴቱ ደረጃ ብቻ ይገባሉ፤ በዘፈን ደረጃ ለሚገባ እያንዳንዱ ስም ደግሞ ምንጩ ሽፋን፣ ውል ወይም የደራሲው ቃል መሆኑ ይጻፋል፤ ምንጭ ከሌለ ቦታው ባዶ ይቀራል።

የቀሩት ሁለት ዘፈኖች የግጥም ደራሲ እስካሁን አልተረጋገጠም፤ ክፍያ ለሚያከፋፍሉ አካላት በምንልከው ዝርዝር ላይም «ያልተለየ» ተብለው ይወጣሉ። ባልደረባዬ ይህን አሠራር አሁንም አልወደደችውም።