መብራት በጠፋበት ምሽት ያልተነበበ ካርድ

በአዲስ አበባ በአንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት የዲዛይን ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ከምናትማቸው ሥራዎች ሁሉ ከደንበኛ ጋር ረጅም ክርክር የሚያስነሣው ቢዝነስ ካርድ ነው። ደንበኛው ሎጎው እንዲገዝፍ፣ ቀለሙ ወርቃማ እንዲሆንና የሚሠራው ሥራ ሁሉ እንዲዘረዘር ይፈልጋል፤ ካርዱን የሚይዘው ሰው ግን ምን እንደሚፈልግ የሚጠይቅለት የለም።

አንድ ምሽት የመታጠቢያ ቤታችን ቧንቧ ፈነዳ። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበት ስለነበር ጨለማ ውስጥ ነበርን፤ ውኃውም ወደ ወረቀት ማከማቻው መፍሰስ ጀመረ። ለካርድ የምንጠቀምበት በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት ጠርዙ ውኃ ከነካው አብጦ ስለሚጣመም ዳግመኛ ማሽን ውስጥ አይገባም። ቀደም ሲል ፓምፓችንን የጠገነ አንድ የቧንቧ ባለሙያ ትቶልን የሄደው ካርድ ከመሳቢያ ተገኘ። ካርዱ በሌላ ቦታ የታተመ፣ በጥቁር መደብ ላይ በቀጭን ወርቃማ ፊደል የተጻፈና ሁለቱም ገጹ በሚያብረቀርቅ ላሚኔሽን (ስስ የፕላስቲክ ሽፋን) የተሸፈነ ነበር፤ የስልክ መብራት ስናበራበት ጨረሩን መልሶ ወደ ዓይናችን ይወረውራል። ሦስት ስልክ ቁጥሮች ያለ በቂ ክፍተት በአንድ መስመር ተደርድረው ስለነበር 3 ይሁን 8 መለየት አልቻልንም፤ ገምተን ብንደውል የማናውቀው ሰው አነሣ። በመጨረሻ የጥበቃ ሠራተኛው የሚያውቀውን ሌላ ባለሙያ ጠራልን፤ እርሱ እስኪደርስ ግን ብዙ ወረቀት ተበላሽቶ ነበር።

ከጊዜ በኋላ የካርዱ ባለቤት ራሳቸው አዲስ ካርድ ሊያሳትሙ ወደ እኛ መጡ። ካርዳቸውን በየሠርጉና በየለቅሶው እንዳደሉ፣ የሚደውል ሰው ግን እምብዛም እንደሌለ ነገሩኝ። የዚያን ምሽት ነገር ሳጫውታቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ «እኔ እኮ እዚሁ ቅርብ ነበርኩ፣ እህቴ!» አሉ። ይህን ሲሉ የተሰማኝ ኀዘን እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ጥሩ እጅ ያለው ባለሙያ በፊደል ቅጥነት ምክንያት እንጀራውን ማጣት የለበትም።

አዲሱን ካርድ አብረን ስንሠራ ፍሳሽ በእግሩ ሥር እየሮጠ ካርድ የሚፈልገውን ሰው በዓይናችን ፊት አደረግን። መደቡ ነጭ ሆነ። በላዩ ትልቁ ጽሑፍ ሎጎው ሳይሆን «የቧንቧ፣ የሮቶና የፓምፕ ጥገና» የሚለው ነው፤ ከሥሩ ስልኩ በደማቅ ጥቁር፣ ቁጥሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጻፉ። የግዕዝ ፊደል በጣም ሲያንስ እንደ ጨ፣ ቋ እና ጬ ያሉት በውስጣቸው ያለው ቀዳዳ በቀለም ይደፈናል፤ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ወይም ወርቃማ ሆነው ሲቀሩ ደግሞ ጥቁሩ ቀለም ከዳር እየሰፋ ቀጭኑን እግራቸውን ይበላዋል፤ ስለዚህ በፊደል መጠን መለኪያ ከ8 ነጥብ በታች ምንም አልጻፍንም።

ክርክር የነበረው በስልኮቹ ላይ ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው በ09 እና በ07 የሚጀምሩ ሁለት መስመሮች ይዟል፤ እርሳቸውም ሁለቱንም፣ በዚያም ላይ የሱቃቸውን የ011 ስልክ መተው አልፈለጉም። «ጋሼ፣ ሌሊት የሚያነሡት የትኛውን ነው?» አልኳቸው፤ አንዱን ነገሩኝ፤ ያ ብቻ ቀረ። አድራሻውም ተነሣ። አሮጌው ካርድ ፒያሳ ያለ አንድ ሕንፃን ጠቅሶ «ጀርባ» ይል ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ አካባቢውን ሲያፈርሰው ምልክቱም ሱቃቸውም አብረው ሄዱ። የቧንቧ ባለሙያ ራሱ ወደ ደንበኛው ስለሚሄድ ካርዱ ላይ ሊኖር የሚገባው የሚደርስባቸው ሰፈሮች ስም ነው።

ላሚኔሽኑን በፊት ገጹ ብቻ፣ እርሱንም የማያንጸባርቀውን ዓይነት አደረግነው። ጀርባው ያለ ላሚኔሽን ቀረ፤ የሚያብረቀርቅ ላሚኔሽን ላይ እስክርቢቶ እየተንሸራተተ አይጽፍም። እዚያም የተሠራው ሥራ፣ ቀኑና የፓምፑ ዓይነት የሚሞላባቸው ባዶ መስመሮች አሉ። በእኔ እምነት የካርዱ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ በባለሙያው እጅ የቤቱ ፓምፕ ታሪክ የተጻፈበትን ካርድ የሚጥል የቤት ባለቤት የለም።

አሰጣጡም ተለወጠ። አሁን ካርድ የሚሰጡት ሥራ ሲጨርሱ ነው፤ አንዱን ለቤቱ ባለቤት፣ አንዱን ለጥበቃ ሠራተኛው ይሰጣሉ፤ ሌላውን በፓምፑ አጠገብ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ይለጥፋሉ። ለሳኒተሪ ዕቃ መሸጫ ሱቆችም ይተዋሉ፤ ቧንቧ የገዛ ሰው እዚያው ቆሞ «የሚገጥም ታውቃላችሁ?» ብሎ ስለሚጠይቅ። በቴሌግራም የሚልኩትንም ምስል ከዚያው ንድፍ አወጣንላቸው፤ በስልክ ስክሪን ላይ ሳይጎላ እንደሚነበብ በእርሳቸው አሮጌ ስልክ አረጋግጠናል።

በኦፍሴት ብዙ ከማተም ይልቅ መጀመሪያ በዲጂታል ጥቂት እንድናትም መከርኳቸው፤ ዲጂታል እንደ ኦፍሴት ፕሌት (ንድፉ የሚቀረጽበት የብረት ሰሌዳ) ስለማያስፈልገው ቃል መለወጥ ቀላል ነው። ጥቂት ቆይተው ተመለሱና አንድ ቃል እንድጨምር ጠየቁኝ፤ የሚደውሉት ሰዎች ከጥገና ይልቅ «ሮቶ ታጥባላችሁ?» እያሉ ነበር። በሁለተኛው ኅትመት «የሮቶ እጥበት» የሚለውን ከስልኩ በላይ አስገባነው።