ከውጭ ደንበኛ የመጀመሪያውን ክፍያ ለመቀበል 47 ቀን ፈጀብኝ

ይሄን የምጽፈው እኔ ስጀምር ማንም አልነገረኝምና ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁ ለውጭ ደንበኛ ሶፍትዌር እየሰራችሁ ዶላሩን በህጋዊ መንገድ ማስገባት የምታስቡ ካላችሁ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ካምፓኒ ከመክፈቴ በፊት ፍሪላንስ ነበር የምሰራው። በ2012 ክረምት ኢንተርኔት ሲዘጋ ሶስት ሳምንት ገደማ ደንበኛዬን ማግኘት አልቻልኩም፣ ሲከፈት ስራውን ለሌላ ሰው ሰጥቶት አገኘሁት፣ እኔም ብሆን እንደዛ ነበር የማደርገው። ከዛ ወዲህ ውል ላይ ስለ ኢንተርኔት መቋረጥ አንድ አንቀጽ ሳላስገባ ስራ አልጀምርም። በ2015 መጀመሪያ ሁለተኛ የቴሌኮም ኦፕሬተር ገበያው ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ሁሌም ሁለት መስመር እይዛለሁ፣ እናንተም ያዙ።

ምዝገባው የሚወራለትን ያህል ከባድ አይደለም። በ2013 የወጣው የንግድ ህግ (አዋጅ ቁጥር 1243) አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ እንደ ድሮው ለስም የሚገባ ሸሪክ ፍለጋ አልዞርኩም። ስም ማስያዝ፣ መመስረቻ ጽሁፍ ማጸደቅ፣ ቲን፣ ንግድ ፈቃድ፣ የባንክ ሂሳብ፣ በቃ።

ብዙ ጓደኞቼ "ለምን በባንክ ትቀበላለህ፣ ውጭ ያለ ዘመድህ ይቀበልልህና እዚህ በብር ይሰጥህ" ይሉኝ ነበር። ከሐምሌ 22 2016 በፊት ቢሆን መልስ አይኖረኝም ነበር፣ ባንክ ዶላሩን በ57 ብር አካባቢ ሲመነዝር ከባንክ ውጭ ያለው ጥቁር ገበያ እጥፍ ገደማ ይሰጥ ስለነበር በህጋዊ መንገድ ያስገባ ሰው ግማሽ ገቢውን እንደጣለ ነበር የሚቆጠረው። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ያ ክፍተት በጣም ጠበበ፣ ለውጭ የሚሸጥ ላኪም (ኤክስፖርተር) ከሚያስገባው ግማሹን በውጭ ምንዛሪ ሂሳቡ እንዲያቆይ ተፈቀደ። ሰርቨር፣ ዶሜይን፣ ላይሰንስ ሁሉም በዶላር ስለሚከፈል ለኛ ስራ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እኔም ሁለት ልጆች ቀጥሬ በህጋዊው መንገድ ልሂድ ብዬ ወሰንኩ። ውሳኔው ልክ ነበር፣ አሁንም ልክ ነው እላለሁ።

ችግሩ የመጣው ክፍያው ላይ ነው። የሶስት ወር ስራ ጨርሰን 6,400 ዶላር ኢንቮይስ ላክን፣ ደንበኛው በአራት ቀን ውስጥ በስዊፍት (ባንኮች የክፍያ መልእክት በሚለዋወጡበት አለም አቀፍ መረብ) ላከ፣ የከፈለበትን ወረቀትም ላከልኝ። እኔ ለልጆቹ "ሰኞ ደሞዝ አለ" አልኳቸው። ይሄን ቃል ባልተናገርኩ ብዬ ስንቴ እንደጸጸተኝ።

ሰኞ ባንክ ስሄድ የውጭ ምንዛሪ ክፍሏ ልጅ ኮምፒውተሩን አየችና "ወንድሜ፣ ገብቷል ግን ተይዟል፣ የተቀባዩ ስም ከሂሳቡ ስም ጋር አይገጥምም" አለችኝ። የካምፓኒያችን ስም ውስጥ "ፀ" የምትል ፊደል አለች። ሰነዱን የተረጎመልን ቤት በእንግሊዝኛ በ"ቲ ኤስ" ጻፋት፣ ንግድ ፈቃዱም እንደዛው ወጣ። ሂሳቡን የከፈተልኝ ልጅ ደግሞ በ"ቲ ዜድ" መታት። እኔ ኢንቮይሱን ያዘጋጀሁት ከንግድ ፈቃዱ ገልብጬ ነው። የሚያናድደኝ ነገር፣ የባንክ ደብተሩን የተቀበልኩ ቀን ልዩነቱን አይቼዋለሁ፣ አይቼ "አማርኛው አንድ ነው" ብዬ አለፍኩት። የስዊፍት መልእክት ግን በአማርኛ አይመጣም፣ ባንኩ የሚያመሳስለው የላቲኑን ፊደል ነው።

እሱን በደብዳቤ እናስተካክላለን አሉኝ። ቀጥሎ ገንዘቡ የምን እንደሆነ የሚያሳይ ውል አምጣ ተባልኩ፣ ውሉን ፕሪንት አድርጌ ሄድኩ። ልጅቷ ወደ መጨረሻው ገጽ ገለጠችና "ማህተሙ የታለ?" ውሉ በኤሌክትሮኒክ ነው የተፈረመው አልኳት፣ የሰዎቹ ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ ሁሉም አለበት። "ይሄ ኮፒ ነው፣ ኦርጅናል በቀለም የተፈረመና ማህተም ያለው ነው የምንቀበለው"። ኦርጅናሉ ፋይሉ ራሱ ነው ብዬ ባስረዳት ወደ ሃላፊው ላከችኝ፣ ሃላፊው ስብሰባ ነበር፣ በማግስቱ ስመጣ ዋናው መስሪያ ቤት ጠይቅ አለኝ፣ ዋናው መስሪያ ቤት ቅርንጫፍህ ነው የሚወስነው አለኝ። እንዲህ እያልኩ አንድ ሳምንት አለፈ።

ደንበኛውን ማህተም ጠየቅኩት። የፋይናንስ ሰራተኛዋ ድርጅታቸው ማህተም የሚባል ነገር ኖሮት እንደማያውቅ፣ ለምን እንደሚያስፈልግም እንዳልገባት ጻፈችልኝ። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ህጉን ሳነብ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ህጋዊ ውጤት እንዳለው በግልጽ እንደሚናገር አገኘሁ። ያኔ ከወጣ አምስት አመት ሆኖት ነበር! ፕሪንት አድርጌ አንቀጹን በቢጫ አስምሬ ሄድኩ። ሃላፊው አነበበውና "አዋጁን አውቀዋለሁ፣ ግን ወደኛ የወረደ መመሪያ የለም" አለኝ። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ስህተት ከተገኘ የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ ፈርቶ ነው። ግን የሱ ፍርሃት ዋጋውን ያስከፈለው እኔንና ልጆቹን ነው።

በ16ኛው ቀን ገንዘቡ ወደ ላኪው ተመለሰ፣ በመንገድ ላይ 85 ዶላር ተቆርጦበት። ደንበኛው ጋ ሲደርስ ደግሞ የተመለሰ ክፍያ ስለሆነ የነሱ ኮምፕላያንስ (ህግና ደንብ መከበሩን የሚቆጣጠር) ክፍል ካልመረመረን ድጋሚ አንልክም አለ፣ እሱ ሌላ ሶስት ሳምንት። እህቴ የእቁብ እጣዋን አበደረችኝና ግማሽ ደሞዝ ከፈልኩ። ከሁለቱ አንዱ፣ ጎበዙ፣ ቤት ኪራይ ደርሶበት ስለነበር ለውጭ ድርጅት በግሉ ሊሰራ ሄደ። አልተጣላንም፣ ግን እንደሱ አይነት ሰው እስካሁን አላገኘሁም። በስተመጨረሻ ሰነዱን በቀለም ፈርሜ በኩሪየር ላክሁ፣ እነሱም ፈርመው መለሱት፣ ባንኩ ያለ ማህተም ተቀበለ። ስሙን ለማስተካከል የፈጀው ሁለት ቀን ብቻ ነበር፣ ሂሳቡን በከፈትኩ ቀን ላደርገው የምችለው ነገር።

አሁን የምመክረው ይሄን ነው። ባንክ "ገንዘቡ ሲገባ ሰነድ ታመጣለህ" ይላችኋል፣ አትስሙ። ውሉ የተፈረመ ቀን ውሉን፣ ንግድ ፈቃዱን፣ ቲኑን ይዛችሁ ሂዱና ፋይል አስከፍቱ፣ ተቀብለናል የሚል ፊርማ ኮፒው ላይ አስፈርሙ። መጀመሪያ 50 ወይ 100 ዶላር በሙከራ አስልኩ፣ ከተመለሰ የሚጎዳችሁ ትንሽ ነው። የእንግሊዝኛ ስማችሁን እናንተ በወረቀት ጻፉና ለአስተርጓሚውም ለባንኩም ስጡ፣ ማንም በራሱ ግምት እንዳይጽፈው። ቢሮ ለመከራየት አትቸኩሉ፣ ያንን ብር የሶስት ወር ደሞዝ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

በሐምሌ 2016 የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ሲጀመር ደስ ብሎኛል፣ ወንድሜንም አስመዝግቤዋለሁ። ግን እኛ ጋ የጠፋው ኮድ የሚጽፍ ሰው አይደለም፣ ውል አንብቦ የሚከራከር፣ ኢንቮይስ በስርአት የሚያዘጋጅ፣ ባንክ ውስጥ ደግሞ ሶፍትዌር በካርቶን ታሽጎ ጉምሩክ የማያልፍ ኤክስፖርት መሆኑ የገባው ሰው ነው። ህንድን ሁሉም ይጠቅሳል። የህንዱ ሶፍትዌር ድርጅት ኢንፎሲስ በ1981 እ.ኤ.አ. በሰባት ሰው ሲቋቋም መስራቾቹ ስልክ ለማስገባትና ኮምፒውተር ከውጭ ለማምጣት በፈቃድ ጥበቃ ብዙ ጊዜ እንዳባከኑ ራሳቸው ተናግረዋል፣ በደንብ የተስፈነጠሩት አገሪቱ በ1991 እ.ኤ.አ. ፈቃዱንና ምንዛሪውን ማላላት ከጀመረች በኋላ ነው። የኛም ልጆች ችሎታ አንሷቸው አይደለም።

ያቺን ቢጫ የተሰመረባትን ወረቀት ባንክ ቤቷ ልጅ ኮፒ አድርጋ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣት ነበር። ባለፈው ወር ከአዲስ ደንበኛ ጋር በኤሌክትሮኒክ የተፈረመ ውል ይዤ ሄድኩ። ኮፒዋን አውጥታ ከውሉ ጋር አያያዘችና ለሃላፊው አስገባችው፣ ክፍያው በአምስተኛው ቀን ሂሳባችን ገባ።