አንዲት የሪፈር ወረቀት የበላችው አምስት ወር

እናቴ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነች ስድስት ዓመት አልፏት ነበር፤ እኔ ግን በእነዚህ ስድስት ዓመታት ደብተሯን ገልጬ ያየሁበት ቀን አልነበረም። መዋጮ የሚሰበሰብበት ወቅት ሲደርስ ገንዘቡን ለታናሽ ወንድሜ እልካለሁ፣ እሱ በቀበሌው ይከፍላል፣ ደብተሩ ይታደሳል፤ እኔም የልጅነት ድርሻዬን የተወጣሁ መስሎኝ እረሳዋለሁ። ይህን የምጽፈው በ2015 ዓ.ም. እናቴን ላሳክም ስነሣ አምስት ወር ሙሉ ያንከራተተችኝ አንዲት የሪፈር ወረቀት፣ ማለትም ታማሚን ከአንድ ጤና ተቋም ወደ ሌላ የምትልክ ደብዳቤ፣ ስለነበረች፣ ያችም ወረቀት ከማን፣ በምን ቅደም ተከተልና በማን ስም እንደምትጻፍ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

እናቴ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ እንቅርት ነበረባት። በእኛ ደጋ እንቅርት እንደ ሕመም አይቆጠርም፤ እንቅርትን በሚከላከለው አዮዲን ጨው እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው ገና በ2003 ዓ.ም. ነውና የእሷ ትውልድ ዕድሜውን የፈጀው ያልበለጸገ ጨው ሲቀምስ ነው። በዚያ ዓመት ለጥምቀት እኔ ዘንድ አዲስ አበባ ስትመጣ ግን እንጀራውን በውኃ እያማገች ስትውጥ፣ ሌሊት ደግሞ ትራሷን ሦስት ደርባ ተቀምጣ ስታድር አየኋትና ደነገጥሁ።

ስሕተቴን የሠራሁት በማግስቱ ነው። በአንድ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ካርድ ክፍል የሚሠራ የሰፈር ልጅ አውቅ ስለነበር፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እናቴን ይዤ ሄድሁና ካርድ ያለ ብዙ ሰልፍ ወጣልን። ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። የጤና መድን መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ደብተሩን አገላብጣ «ሪፈር የላቸውም?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የለም ስላት ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «እንግዲያው እንደማንኛውም ሰው ከፍለው ይታከማሉ» አለችኝ። ከፈልሁ። አልትራሳውንዱ በሆስፒታሉ ተሠራ፣ የሆርሞን ምርመራው ግን የለም ስለተባለ በግል ላቦራቶሪ አሠራን፤ ሁሉም ተደምሮ 11,400 ብር ወጣ። ሐኪሙ እንቅርቱ የአየር ቧንቧዋን መጫን ስለጀመረ በቀዶ ሕክምና መውጣት እንዳለበት፣ ነገር ግን የዛሬ የነገ ድንገተኛ እንዳልሆነ ነገረን። የቀዶ ሕክምናውን ወጪ ስሰማ ደመወዜን አሰብሁና «ወረዳ ሄጄ ሪፈሩን አጽፌ ልምጣ፣ የሦስት ቀን ሥራ ነው» አልሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የዚያ የሦስት ቀን ሥራ ታሪክ ነው።

በቀበሌያችን አቅራቢያ ባለው ጤና ጣቢያ ያገኘነው ጤና መኮንን የአዲስ አበባውን የአልትራሳውንድ ውጤት ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። በእሱ እጅ ያልተጀመረ ሕክምና በእሱ ፊርማ ሪፈር ቢጻፍለት፣ የመድኑ ኦዲት ሲመጣ ተጠያቂው እሱ መሆኑን ገለጸልኝና «አዲስ አበባ የጀመራችሁትን እዚያው ጨርሱ» አለ። ዛሬ ሳስበው ፍርሃቱ ባዶ አልነበረም። ያን ቀን ግን መምህርነቴን፣ ከሩቅ መምጣቴን፣ የስፔሻሊስት ውሳኔ በእጄ መያዜን እየደረደርሁ ድምፄን ከፍ አደረግሁበት። እናቴ ነጠላዋን ጎተት አድርጋ «ልጄ፣ የሚጽፈው እኮ የእሱ እጅ ነው» አለችኝ፤ ነገሩ ግን ተበላሽቶ ነበር። ባዶ እጃችንን ተመለስን፣ እኔም ትምህርት ቤቴ የሰጠኝ ፈቃድ አለቀ።

በሦስተኛው ሳምንት ወንድሜ የአዲስ አበባውን ወረቀት ሁሉ ቤት አስቀምጦ እናቴን እንደ አዲስ ታማሚ ወደዚያው ጤና ጣቢያ ወሰዳትና ሌላ ባለሙያ መርምሮ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈላት። በዚያ ሆስፒታል የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ስለማይሠራ ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል ላኳት፤ በአጠቃላይ ሆስፒታሉ ደግሞ ሐኪሙ ለሥልጠና ሄዷል ተብሎ ከአንድ ወር ቀጠሮ በኋላ «ለከፍተኛ ሕክምና» የሚል ሪፈር ተሰጣት። ወረቀቷን እንደ ንዋየ ቅድሳት በፕላስቲክ ጠቅልላ አዲስ አበባ ይዛልኝ መጣች። እኔም ወደዚያችው መስኮት ይዣት ስሄድ የተሰጠኝ መልስ «ይህ ወረዳ ከእኛ ጋር ውል የለውም፣ ደግሞም ሪፈሩ የሆስፒታል ስም አልተጻፈበትም» የሚል ነበር። ይህ ቃል በጥር ወር ቢነገረኝ ኖሮ ሚያዝያ ላይ እዚያ መስኮት ሥር አልገኝም ነበር።

ወደ ወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። ኃላፊው ሰኞ ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ ማክሰኞ ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተገኙ። ደብተሩን ሲያዩ ሌላ ጉድ ወጣ፤ አባወራ ተብሎ የተመዘገበው ከሦስት ዓመት በፊት ያረፈው አባቴ ነበረና ፎቶው የእሱ፣ መዋጮው ግን በየዓመቱ ያለ ጥያቄ የተቀበሉት የእኛ ነበር። እናቴን በእማወራነት ለማስመዝገብ ከቀበሌ የሞት ማስረጃ ማምጣት ነበረብን። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ወረዳው አዲስ አበባ ውስጥ ውል ያለው ከሌላ ሆስፒታል ጋር መሆኑ ተነገረኝ። ውል የገባችሁባቸው ሆስፒታሎች ስም ለምን በደብተሩ ጀርባ አይታተምም ብዬ ጠየቅሁ። ኃላፊው በቁጣ ሳይሆን በእውነተኛ መገረም «እስካሁን ማንም ጠይቆን አያውቅም» አሉኝ። ከሁሉም መልሶች ይበልጥ ያናደደኝ ይህ ነው።

የአሠራሩ ምክንያት ይገባኛል። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ገንዘቡ በየወረዳው ቋት እንዲጠራቀም ተደርጎ ተዋቀረ፤ የአንድ ወረዳ ቋት ደግሞ ትንሽ ነው፤ ሰው ሁሉ ጤና ጣቢያውን እየዘለለ ትልቅ ሆስፒታል ቢሄድ ቋቱ ባዶ ይቀራል። ሪፈር እንደ በር ዘበኛ የቆመው ለዚህ ነው። የማይገባኝ ግን የበሩ ቁልፍ የት እንዳለ ለአባሉ የማይነገርበት ምክንያት ነው። መዋጮ ሲሰበሰብ በየዕድሩና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚዞረው ቅስቀሳ ስለ መክፈል እንጂ ስለ መታከም አንድ ቃል አይናገርም። (በነገራችን ላይ፣ በደመወዝ የምንተዳደረውን የሚመለከተው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም፣ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል ያዋጣል የተባለው ነገር እየተገፋ ቆይቶ ነበር፤ ስለዚህ በዚያ ዓመት ከገበሬዋ እናቴና ከመንግሥት ሠራተኛው ልጇ መካከል መድን ያላት እሷ ነበረች።)

አሁን ሰው ሲጠይቀኝ የምመክረው ከቅስቀሳው ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። ደብተር መያዝ በቂ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ማንም ሳይታመም በፊት ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ውል የተገባባቸውን ሆስፒታሎች ስም በእጃችሁ ጽፋችሁ ደብተሩ ውስጥ አጣብቁ፣ በደብተሩ ላይ ያለው ሰው በሕይወት መኖሩንም አረጋግጡ እላለሁ። ሪፈር ሲጻፍ «ለከፍተኛ ሕክምና» የሚለውን አትቀበሉ፤ የሆስፒታሉ ስም፣ ቀኑና ማኅተሙ እስኪሰፍር ድረስ ከክፍሉ አትውጡ፣ ከመነሣታችሁም በፊት ሁለት ኮፒ አንሡ። በግል የገዛችሁትን መድኃኒት ደረሰኝ አምጡና ይተካላችኋል ሲባል ደረሰኙን ያዙ እንጂ በገንዘቡ ላይ ዕቅድ አትሥሩ። ለድንገተኛ ሕመም ሪፈር አያስፈልግም፤ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ይዞ ጤና ጣቢያ ለጤና ጣቢያ መዞር ሞኝነት ነው። ሁሉንም የሚያሳጥርልኝ ዘመድ ሆስፒታል ውስጥ አለኝ የምትሉ ደግሞ እኔን አስታውሱ፤ ያ ዘመድ ካርድ ያወጣላችኋል እንጂ መድን አያወጣላችሁም።

እናቴ በሰኔ ወር ውል ባለው ሆስፒታል ቀዶ ሕክምናዋን አደረገች፤ ለቀዶ ሕክምናውም ሆነ ለአልጋው ምንም አልከፈልንም። ለትራንስፖርትና ለማደሪያ የወጣውን መድኑ አይሸፍንም፣ የጥሩን 11,400 ብርም ያለ ሪፈር የወጣ ነው ተብሎ አልተተካልኝም፤ ስለዚህኛው የምወቅሰው ራሴን ብቻ ነው። በቀጣዩ ዓመት መዋጮውን ልልክ ስደውል ዶሮ ሸጣ ራሷ ቀበሌ ሄዳ እንደከፈለች ነገረችኝ። በአዲሱ ደብተር ላይ ፎቶው የእሷ ነው፤ የሪፈሩን ኮፒ ደግሞ ከመሬቱ አረንጓዴ ደብተር ጋር አንድ ላይ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።