የሄዱት ቅድመ አያትና የቀሩት ዘመዶች

የዘር ሐረጉን ለመፈለግ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ሙታንን ፍለጋ ነው፤ የመቃብር ድንጋይ፣ ያረጀ መዝገብ ወይም የፈረሰ ቤት መሠረት ለማየት ይጓጓል። እኛም ከእናቴ፣ ከታላቅ ወንድሜና ከልጆቻችን ጋር ሆነን የእናቴ አያት ወደተወለዱበት መንደር ለመሄድ ስንወስን ዋናው ሐሳባችን ይኸው ነበር። ከተመለስን በኋላ ሳስበው ግን ከጉዞው ሁሉ የላቀውን ቦታ የያዙት ከዚያ በፊት በስም እንኳ የማናውቃቸው፣ በሕይወት ያሉ የሩቅ ዘመዶቻችን ናቸው። ቅድመ አያቴ አገራቸውን ለቀው ሲወጡ ወንድሞቻቸው እዚያው ቀርተዋል። የእኛ ቤት የመሄዱን ታሪክ ለልጅ ልጅ ሲያወርስ፣ የእነርሱ ቤት ደግሞ የመቅረቱን ታሪክ ሲያወርስ ኖሯል፤ ሁለቱም ቤቶች የያዙት ግማሹን ብቻ መሆኑን አያውቁም ነበር።

እንዲህ ያለው ጉዞ የሚጀመረው በቤት ውስጥ፣ በዕድሜ የገፉ ዘመዶችን በመጠየቅ ነው። መዝገብ ቤት ነገም ከነገ ወዲያም ይከፈታል፤ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ትዝታ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። የአጠያየቁ ነገር ራሱን የቻለ ጥበብ ይፈልጋል። «በስንት ዓመተ ምሕረት ሄዱ?» ተብሎ የተጠየቀ ሽማግሌ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ጠያቂውን ላለማሳፈር ሲል አንድ ቁጥር ይናገራል። «ሲሄዱ የመጀመሪያ ልጃቸው ተወልዶ ነበር ወይ? የሸኛቸው ማን ነበር? ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነበው ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን አንዱ ነገር ሌላውን እየጎተተ ይመጣል፤ ዓመቱንም በስሌት ማግኘት ይቻላል። እናቴ ለብዙ ዘመን ስለ አያቷ የምታውቀው ነገር እንደሌለ ስትናገር ኖራ፣ አንድ የድሮ ፎቶግራፍ በፊቷ ስናስቀምጥ በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ስላሉት ሰዎች ሁሉ፣ ጥርስ ስላልነበረው ጎረቤት ጭምር፣ እስከ ማታ አጫወተችን።

ቤተሰብ የሚያወርሰው ታሪክ ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። ለዚህ ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1892 እስከ 1954 ድረስ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጉ ስደተኞች ያለፉበት የኒው ዮርኩ የኤሊስ ደሴት ጣቢያ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች የአያታቸውን ስም የለወጠው በዚያ ደሴት የነበረ ጸሐፊ እንደሆነ ይናገራሉ፤ ነገር ግን የጣቢያው ሠራተኞች ይሠሩ የነበረው መርከቡ ከተነሣበት ወደብ ተጽፎ በመጣው የተሳፋሪዎች ዝርዝር ነው። ስማቸውን የለወጡት በአብዛኛው ስደተኞቹ ራሳቸው፣ ከገቡ በኋላ፣ ለሥራና ለኑሮ እንዲመቻቸው ብለው ነው። የጸሐፊው ታሪክ ለምን እንደተወደደ መገመት አይከብድም፤ ስምን በገዛ ፈቃድ ከመተው ይልቅ በሌላ ሰው መነጠቅ ለልጅ ልጅ ለመንገር ይቀላል። በእኛ ቤትም ተመሳሳይ ነገር እንዳለ የተረዳሁት መንደሩ ከደረስን በኋላ ነው።

ስለ መዛግብት ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ እኔ ግን የሚያደናግሩትን ጥቂት ነገሮች ብቻ አነሣለሁ። አንደኛው የቦታ ስም ነው። ዛሬ በዩክሬን የምትገኘው ሊቪቭ በኦስትሪያ ዘመን ሌምበርግ፣ በፖላንድ ዘመን ልቩፍ ትባል ነበር፤ ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ የሁለትና የሦስት መንግሥት ዜጋ ሆኖ ያለፈ ሰው ነበረባት ማለት ነው፤ መዝገቡም እንደ ዘመኑ በተለያየ ቋንቋ ተጽፏል። ሌላው የዘመን አቆጣጠር ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1752 አቆጣጠሯን ስትለውጥ 11 ቀን፣ ሩሲያ በ1918 ስትለውጥ 13 ቀን ከመቍጠሪያቸው ዘለዋል፤ ስለዚህ የአንድ ሰው የልደት ቀን በሁለት ወረቀት ላይ ተለያይቶ ቢገኝ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ከጉዞ በፊት መዛግብትን ከቤት ሆኖ ለማየት የሚፈልግ ሰው ፋሚሊሰርች የተባለውን ድርጅት ድረ ገጽ ቢጎበኝ ይጠቀማል፤ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ከብዙ አገሮች በማይክሮፊልም ሲሰበስብ የኖረውን ወደ 2.4 ሚሊዮን ጥቅል ፊልም ወደ ዲጂታል የመለወጡን ሥራ በ2021 ያጠናቀቀ ሲሆን አገልግሎቱም በነጻ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሚፈለገው ወረቀት ከነጭራሹ የለም። በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1922፣ በደብሊን የነበረው የሕዝብ መዝገብ ቤት ሲቃጠል የብዙ መቶ ዓመታት ሰነድ አመድ ሆኗል። በአሜሪካ የ1890 የሕዝብ ቆጠራ አብዛኛው ክፍል በ1921 በደረሰ ቃጠሎ ምክንያት ጠፍቷል። ከቃጠሎ የሚከፋው ግን ሆን ተብሎ ያልተጻፈው ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 እና በ1860 በአሜሪካ በተደረጉት ቆጠራዎች በባርነት የተያዙ ሰዎች ከጥቂቶች በቀር በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም ብቻ በባለቤቱ ስም ሥር ተቈጠሩ እንጂ ስማቸው አልተጻፈም፤ አብዛኞቹ በስማቸው የተመዘገቡት ከነጻነት በኋላ በ1870 በተደረገው ቆጠራ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ለሚወለድ ሰው የዘር ሐረግ ፍለጋ ከእኔ ፍለጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ እኔ የምማረርባቸው የተቀዳደዱ ገጾች ለእርሱ ሀብት በሆኑለት ነበር።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ድካም በዲኤንኤ ምርመራ ማሳጠር ይቻላል የሚል እምነት ነበረው። ምርመራው የራሱ ጥቅም እንዳለው አልክድም፤ በጉዲፈቻ ላደገ ወይም አባቱን ለማያውቅ ሰው ሌላ ምንም መንገድ ያልከፈተውን በር ሊከፍት ይችላል። የሩቅ ዘመድን በተመለከተ ግን ከሚጠበቅበት ያነሰ ይናገራል። በዚያ መንደር ከእኔ ጋር በትውልድ እኩል የሆኑት ዘመዶቼ ከእኔ ጋር የሚገናኙት በምንዥላት ነው፤ በዚህ ርቀት ያሉ ሁለት ሰዎች የሚጋሩት ዲኤንኤ በአማካይ ከአንድ በመቶ በታች ሲሆን፣ ከአሥሩ አንዱ ያህል ጥንድ በምርመራ የሚታይ ምንም የጋራ ነገር የለውም። አንድ ትውልድ ርቆ ሲኬድ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ዝምድና ከምርመራው ያመልጣል። ስለዚህ አንድ ወረቀት «ዘመድህ አይደለም» ያለው ሰው ሙሉ በሙሉ ዘመድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ውጤቱንም ከሚልኩት ድርጅቶች አንዳንዶቹ የሚያቀርቡት ባለ ብዙ ቀለም የትውልድ አካባቢ ካርታ ግምት መሆኑን፣ ማነጻጸሪያቸው ሲሻሻል ካርታውም እንደሚለወጥ ማወቅ ያስፈልጋል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ለማያውቁት ዘመድ ድንገት በር ማንኳኳት ተገቢ መስሎ አይታየኝም። እኛ አስቀድመን ደብዳቤ ጽፈናል፤ ደብዳቤውን ስናዘጋጅም ማን እንደሆንን፣ በማን በኩል እንደምንዛመድ፣ መቼ ልንመጣ እንዳሰብንና ከእነርሱ ቤት ውጭ ማረፊያ እንደያዝን በግልጽ አስፍረናል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲገባበት ያደረገችው እናቴ ናት፤ «ስለ ርስትም ሆነ ስለ ቤት የምናነሣው ጥያቄ የለንም» የሚል ነው። ወንድሜ ያልተጠየቀ ነገር ማንሣት ጥርጣሬን ይቀሰቅሳል ብሎ ተከራክሯት ነበር። መንደሩ ከደረስን በኋላ የተቀበለን የዘመዳችን ልጅ፣ ደብዳቤው በቤተሰብ ፊት ሲነበብ ሁሉም ሰው በጸጥታ የጠበቀው ያንን ዓረፍተ ነገር እንደነበር ሳይደብቅ ነገረን። የሄደ ሰው ልጆች በድንገት ሲመጡ የቀረው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ መሬቱ መሆኑ ሊያስቀይመን አይገባም፤ መሬቱን አርሶ፣ ቤቱን አድሶ፣ ወላጆቹን ጦሮ የቀበረው እርሱ ነውና።

በዚያ ቤት ትልቋ ሰው የቅድመ አያቴ የታናሽ ወንድም ልጅ የሆኑ አረጋዊት ናቸው። እናቴን አቅፈው ከሳሟት በኋላ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ ተመለከቷትና «አፍንጫው የእኛ ነው፣ ዓይኑ ግን ከየት እንደመጣ እንጃ» አሉ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ እንግድነቱ ቀለለ። ወንድሜ በትልቅ ወረቀት ላይ የሳለውን የዘር ሐረግ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋው ደግሞ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም ተሰበሰበ። ይህን ዘዴ ለማንም ሰው እመክራለሁ። በመጠይቅ መልክ ሲጠየቅ የሚሰለች ሰው፣ ስሙ በተሳሳተ ቦታ ተጽፎ ሲያይ ግን እርሳስ አንሥቶ ያርማል፤ ያልተጻፈች እኅት ካለችም እርሷን ሳያስገባ አይነሣም። በልጅነታቸው የሞቱ፣ በእኛ ወረቀት ላይ ቦታ ያልነበራቸው ልጆች በዚያ ምሽት ከነስማቸው ገብተዋል።

እኛ ከእናቴ ቤት ይዘን የሄድነው ታሪክ ቅድመ አያቴ በውርስ ተበድለው፣ ባዶ እጃቸውን እንደወጡ የሚናገር ነው። አረጋዊቷ እናቴ ይህንን ስትናገር እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ የራሳቸውን ቤት ታሪክ ነገሩን። በእርሳቸው አነጋገር ቅድመ አያቴ ድርሻቸውን ሸጠው፣ ገንዘቡን ይዘው፣ ስፍራ ሲይዙ ታናሽ ወንድማቸውን ሊወስዱ ቃል ገብተው ነው የሄዱት። ታናሽየው ትምህርቱን ትቶ የአባቱን ዕዳ ሲከፍል፣ ያ ቃል የተጻፈበት ደብዳቤ ግን አልመጣም። «አባቴ እስኪሞት ድረስ በወንድሙ ላይ ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ስሙንም አላነሣም» አሉን። እናቴ አልመለሰችም። ሁለት ጊዜ ያህል ለመናገር ስትነሣ አየኋትና ተወችው።

በማግሥቱ ከወንድሜ ጋር ወደ አካባቢው መዝገብ ቤት ሄደን የመሬት ይዞታ መዝገቡን አስወጣን። በመዝገቡ ላይ የቅድመ አያቴ ድርሻ ወደ ሌላ ሰው መተላለፉ ሰፍሯል፤ ተገደው ይሁን ወድደው፣ ተከፍሏቸው ይሁን ሳይከፈላቸው ግን የተጻፈ ነገር የለም። መዝገብን አብዝተው የሚያምኑ ሰዎች ይህን ልብ ቢሉት እወዳለሁ፤ ጸሐፊው የጻፈው ለግብር የሚያስፈልገውን ነው፣ የወንድማማቾቹን ጉዳይ የጠየቀው ሰው አልነበረም። የመቃብሩን ቦታ ለማየት ያደረግነው ጕብኝት ደግሞ አጭር ነበር፤ ጽሑፉ የሚነበብ ድንጋይ ጥቂት ስለሆነ ከመግቢያው ብዙም ሳንርቅ ተመለስን። መቃብር ለዘላለም ይቆያል ብሎ የሚጓዝ ሰው በሌሎች አገሮች ያለውን ሁኔታ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይሻላል፤ ለምሳሌ በጀርመን የመቃብር ቦታ በአብዛኛው ለተወሰኑ ዓመታት በኪራይ የሚያዝ በመሆኑ፣ ውሉ ካልታደሰ ድንጋዩ ይነሣል፣ ቦታውም ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ልጆቹን በተመለከተ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ አጭር መልስ ልስጥ። የዘር ሐረግ ወሬ ያሰለቻቸዋል፤ በዕድሜ የሚመስሏቸው ዘመዶች ግን አያሰለቿቸውም። የእኛዎቹ እንዴት እንደሚዛመዱ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ሳይጠይቁ ከቤቱ ልጆች ጋር ሲሮጡ ዋሉ፤ አሁን በስልክ የሚጻጻፉትም ከእኛ ይልቅ እነርሱ ናቸው።

ከተመለስን በኋላ ያነሣናቸውን ፎቶግራፎችና በአረጋዊቷ ፈቃድ የቀዳነውን ድምፅ ቅጂ ልከንላቸዋል፤ ተቀብሎ መጥፋት በዚያ ቤት ያለውን ትርጉም ካወቅን ወዲህ ይህን ማዘግየት አልፈለግንም። በሕይወት ያሉ ሰዎችን ስምና የልደት ቀን በኢንተርኔት ላይ ባለ የዘር ሐረግ ውስጥ ላለማስገባትም ተስማምተናል፤ ሙታንን ፍለጋ የተዘጋጀ ገጽ የሕያዋንን ምስጢር ማውጫ እንዲሆን የሚፈልግ ዘመድ የለም።

የቀረው ጉዳይ የቅድመ አያቴ አወጣጥ ነው። ወንድሜ የቤተሰቡን ታሪክ በጽሑፍ ሲያዘጋጅ ሁለቱን አነጋገሮች ጎን ለጎን፣ የተናጋሪዎቹን ማንነትና የተነገሩበትን ቀን ጨምሮ፣ የመዝገቡንም ቅጂ ከሥራቸው አድርጎ አስፍሯቸዋል። እናቴ የእርሷ እናት የነገረቻት ታሪክ በቅድሚያ እንዲቀመጥ ትፈልጋለች፤ ወንድሜ ደግሞ እድሜያቸው የገፋው ዘመዳችን ቃል ነገሩ ለተፈጸመበት ዘመን ስለሚቀርብ ያ ይቅደም ይላል። ረቂቁን ለሁለቱም ቤት ልኬዋለሁ፤ ከዚያኛው ቤት የመጣው ማረሚያ በአብዛኛው የስም አጻጻፍ ሲሆን፣ ስለ ቅደም ተከተሉ ያሉት ነገር የለም።