ይህ ጠርሙስ የት ተኝቶ ከረመ?

አሮጌ ወይን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዕድሜውን ነው። እኔ ግን በዚህ ጉዞ ሌላ ጥያቄ ይዤ ነው የተነሳሁት። ጠርሙሱ እነዚያን ዓመታት የት አሳለፈ? ነጭ ወይን ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ይብሳል። ቀዩ ሲቆይ እንደሚጣፍጥ ሁሉም ይስማማል። ነጩን ግን «ቶሎ ጠጥታችሁ ገላግሉት» ይሏችኋል። ለአብዛኛው ነጭ ወይን ምክሩ ልክ ነው። አንዳንዱ የፈረንሳይ ነጭ ግን አፉን የሚፈታው ከአሥር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። እኔም የምፈልገው እሱን ነበር።

ፍለጋውን የጀመርኩት ለንደን ነው። እንግሊዞች የፈረንሳይን ወይን አስመጥቶ በማስቀመጥ የቆየ ልምድ አላቸው። ሴንት ጄምስ ጎዳና ቁጥር 3 ላይ ያለው ቤሪ ብራዘርስ ኤንድ ረድ የሚባለው ቤት ከ1698 ጀምሮ እዚያው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ቡናም ይሸጥበት ነበር። ቡናው የሚመዘንበት ትልቅ ሚዛን ዛሬም አለ። ደንበኞችም እየወጡበት ክብደታቸው በመዝገብ ይሰፍር ነበር፤ ገጣሚው ሎርድ ባይረን ሳይቀር ተመዝኖበታል።

ለገዢ የሚጠቅመው ነገር ግን ያለው ከመደብሩ ይልቅ መጋዘኑ ውስጥ ነው። እንግሊዝ አገር የገባ ወይን ቀረጥና 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሳይከፈልበት በተፈቀደለት የጉምሩክ መጋዘን ሊቆይ ይችላል። ሂሳቡ የሚከፈለው ሲወጣ ነው። ስለዚህ አንድ ካርቶን ወይን በወረቀት ብቻ ከሰው ወደ ሰው እየተሸጠ፣ እሱ ራሱ ግን ካለበት ሳይንቀሳቀስ ዓመታት ይከርማል። ሻጩ «ከመጣ ጀምሮ ከመጋዘን አልወጣም» ብሎ ወረቀቱን ካሳያችሁ ጥሩ ነው። እዚያው ከተማ ውስጥ ያየሁት ሌላ ሱቅ ደግሞ ቡርጎኝ ከሚባለው የፈረንሳይ የወይን አውራጃ የመጡ ውድ ነጮችን መስኮት ላይ፣ አምፖል ሥር አቁሟቸዋል። በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም ነበር። ብርሃንና ሙቀት ነጭ ወይንን ይገድሉታል።

የምትገዙትን ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንሱት። ወርቅማ ከሆነ ደግ ነው፤ ወደ ቡናማ ከሄደ መልሱት። ወይኑ ከአንገቱ በታች ወርዶ ከሆነ፣ ቡሹ ጠርሙሱን በደንብ አልያዘውም ማለት ነው። ቡሹ ወደ ላይ ገፍቶ ከወጣ ወይኑ ሙቀት መትቶት ይሆናል። ሥሩ የተከማቸ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ነገር ካያችሁ ግን አትደንግጡ። የወይኑ የራሱ አሲድ ነው የረጋው፣ ጉዳት የለውም።

ከለንደን በባቡር ፓሪስ፣ ከፓሪስ ሞንፓርናስ ጣቢያ ደግሞ በፈጣኑ ባቡር ወደ ቱር አቅጣጫ። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ልትደርሱ ትንሽ ሲቀራችሁ ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ይገባል። ያ ዋሻ የሚያልፈው በቩቭሬ የወይን እርሻዎች ሥር ነው። መስመሩ ሲታሰብ የቩቭሬ ከንቲባ የነበሩት ጋስቶን ዩኤ ራሳቸው ወይን ጠማቂ ነበሩ፤ እርሻው እንዳይቆረጥ ተሟገቱ። ባቡሩም ከሥር እንዲያልፍ ተደረገ። ወይኑን ለመግዛት በወይኑ ሥር ተሹለክልኬ መምጣቴ አስቆኛል።

ቩቭሬ ከቱር በስተምሥራቅ፣ በሏር ወንዝ ሰሜናዊ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ገደሉ ቱፎ የሚባል ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ነው። ሰዎች ለዘመናት ድንጋዩን እየፈለጡ ቤትና ቤተ መንግሥት ሠርተውበታል። ፈልጠው የወጡበት ጉድጓድ ደግሞ የወይን ማኖሪያ ሆኗል። አንዳንዱ ቤት ፊቱ ብቻ ግንብ ሆኖ ጀርባው ገደል ውስጥ ገብቷል። ውጭ በጋ ይሁን ክረምት፣ ውስጡ ቅዝቃዜው ያው ነው። እርጥበት አለው፣ ጨለማ ነው፣ የሚያንቀጠቅጠው ነገር የለም። ሰው አስቦበት ቢሠራው ከዚህ የተሻለ የወይን መኝታ አይሠራም።

የቩቭሬ ነጭ የሚጠመቀው ሸናን ብላን ከሚባለው የወይን ዘር ነው። ይህ ዘር ጎምዛዛ ነው፤ ወይኑን ለብዙ ዓመት ጠብቆ የሚያቆየውም ይኸው ጉምዛዜ ነው። እንደየዓመቱ ፀሐይ ደረቅ፣ ከፊል ጣፋጭ ወይም ጣፋጭ ተደርጎ ይጠመቃል። በ1928 የተመሠረተው የከንቲባው የዩኤ ቤት የሚታወቀው ለ ኦ-ልዩ፣ ለ ሞንና ክሎ ዱ ቡር በተባሉ ሦስት ማሳዎቹ ነው።

እኔ የገባሁት ግን ስሙ ብዙም ወደማይነሳ አንድ ቤት ነው። ደጅ ላይ የተቀበሉኝ አዛውንት ሴት በእጅ ባትሪ እየመሩ ወደ ውስጥ ይዘውኝ ገቡ። ጠርሙሶቹ በግድግዳው ልክ ተከምረዋል። አንዱም ላይ ወረቀት አልተለጠፈም። ክምሩ አጠገብ ዓመቱ በጠመኔ ተጽፏል፣ በቃ። እርጥበቱ ወረቀቱን ስለሚበላው የሚለጥፉት ሲሸጥ ነው። ለዚህ ነው አንዳንዴ አሮጌ ወይን አዲስ ወረቀት ለብሶ የምናየው። ማጭበርበር ሊመስል ይችላል፤ ከጠማቂው እጅ በቀጥታ ከሆነ ግን ጠርሙሱ ከቤቱ ሳይወጣ እንደኖረ ምስክር ነው።

«ልጄ፣ የቱን ልክፈት?» አሉኝ። ከፊል ጣፋጩን፣ ረጅም ዓመት የተኛውን አልኳቸው። ቀዱልኝ። መጀመሪያ የሸተተኝ ዝናብ የመታው የበግ ሱፍ ነው። ትንሽ ቆይቶ ማር፣ ሰም፣ የደረቀ ፍራፍሬ መጣ። ስኳሩ አለ፣ ግን አይታወቅም። ዕድሜ ጣፋጩን ወደ ውስጥ አስገብቶታል። ደረቅ ወይን ብቻ ነው የምጠጣ የሚል ሰው ይህን ቢቀምስ የሚከራከር አይመስለኝም። ዋጋውን ሲነግሩኝ ደግሞ ከአዲሱ ብዙም አይርቅም። ቡርጎኝ ውስጥ በዚያ ገንዘብ የሚገኘው ገና ትናንት የታሸገ ነው።

ከዚያ ወደ ቦን። የቡርጎኝ ወይን ንግድ ማዕከል ናት። የከተማዋ ኩራት የቡርጎኝ መስፍን ሹም የነበሩት ኒኮላ ሮላን በ1443 ለድኾች ያቆሙት ሆስፒታል ነው። ጣሪያው በቀለማት ያጌጠ ሸክላ ነው። ሆስፒታሉ በስጦታ ያገኛቸው የወይን ማሳዎች አሉት። ምርቱም ከ1859 ጀምሮ በጨረታ ይሸጣል፤ ቀኑ በፈረንጆቹ ኖቬምበር ሦስተኛው እሑድ ነው። ግን የሚሸጠው በበርሜል ያለ የዓመቱ ወይን ነው። የቆየ ለሚፈልግ እንደኔ ያለ ሰው ማየት ብቻ ነው።

ቦን ላይ ከሰው ጋር ስለ አሮጌ ነጭ ስታወሩ ድምፅ ዝቅ ይላል። ምክንያቱ ይታወቃል። ከ1995ና 1996 ምርት ወዲህ ብዙ ታላላቅ የቡርጎኝ ነጮች ያለ ዕድሜያቸው ማርጀት ጀመሩ። አየር ይገባባቸውና ይጠቁራሉ፣ ጣዕማቸውም ይሞታል። ቡሹ ነው ያሉ አሉ። ወይኑን ከአየር የሚጠብቀውን ድኝ ቀንሰው ነው ያሉም አሉ። የአጨማመቁ ዘዴ መቀየሩንም የሚወቅስ አለ። ጥፋተኛው አንድ ብቻ አይመስልም። አንዳንዶቹ ጠማቂዎች ቡሹን ደቅቆ ከተጣራና እንደገና ከተጠጋጋ ቡሽ በሚሠራው ዲያም ቀይረውታል። ራት ላይ ሜርሶ ከሚባለው የቡርጎኝ ነጭ ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት ጠርሙሶች ተከፈቱልን። አንዱ ወርቅ፣ ሌላው ቡናማ። ያው ማሳ፣ ያው ዓመት፣ ያው ጓዳ። ለአሮጌ የቡርጎኝ ነጭ ብዙ ብር ማውጣት ለእኔ ሎተሪ ነው። የሚወደው ይግዛ፣ አልከለክልም።

የመጨረሻው ማረፊያዬ አልዛስ በተባለው የፈረንሳይ አውራጃ ያለችው ስትራስቡርግ ነበር። ከከተማው ሆስፒታል ሥር በ1395 የተሠራ የወይን ጓዳ አለ። በውስጡ የ1472 ነጭ ወይን በበርሜል ተቀምጧል። ከዚያ ወይን የተቀዳው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ይባላል። በ1576 ከዙሪክ በጀልባ ለመጡ ሰዎች፤ «ብትቸገሩ ፈጥነን እንደርሳለን» ለማለት ገንፎ በድስት ይዘው፣ ገንፎው ሳይበርድ ደርሰዋል። በ1716 ከተቃጠለው ሆስፒታል በኋላ አዲሱ ሲጀመር። በ1944 ደግሞ ከተማዋን ነፃ ላወጡት ለጄኔራል ሌክሌርክ። ለእኔ ማንም አልቀዳልኝም። ጓዳው ግን ሱቅ አለው። የአልዛስ ጠማቂዎች እዚያው በትልልቅ በርሜል ያቆዩትን ወይን ይሸጣል። ሌላ ሱቅ ገብቼ ደግሞ ሪስሊንግ ከሚባለው የነጭ ወይን ዘር የተጠመቀ የቆየ ወይን ቀመስኩ። ሪስሊንግ ሲያረጅ ላምባ ላምባ ይሸታል። ብልሽት አይደለም፣ ጠባዩ ነው። የማይወደው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ወድጄዋለሁ።

ወደ ለንደን ስመለስ የቀረው ሂሳብ የጉምሩክ ነው። ወደ እንግሊዝ የሚገባ መንገደኛ ያለ ቀረጥ ይዞ የሚያልፈው የወይን መጠን 18 ሊትር ነው፤ 24 ጠርሙስ መሆኑ ነው። እጄ ግን ያን ያህል አይሸከምም። ሻንጣውን ያጨናነቀው ቩቭሬ ነው። ጎኑ ላይ ሪስሊንጎቹን በሹራብ ጠቅልዬ ሸጎጥኩ። ሜርሶም አንድ ገብታለች፣ እንደ ወርቃማዋ ትሁን እንደ ቡናማዋ ሲከፈት እናያለን።